ከፕላቶ እስከ ፕላዝማ

ኮምፒውተርን አስተማሪ ለማድረግ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ኢሊያክ የሚባል፣ 2,800 ያህል የቫኩም ቱቦዎች የተገጠሙለት፣ አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር ነበረው። ቻልመርስ ሸርዊን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህን ማሽን ለትምህርት የማዋልን ሐሳብ አነሣ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዳንኤል አልፐርት መሐንዲሶችን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችንና መምህራንን በኮሚቴ ሰብስቦ አወያየ፤ ኮሚቴው ግን መስማማት አቃተው። አልፐርት ነገሩን ሊተወው ሲቃረብ፣ ገና ዶክትሬቱን የያዘ ዶናልድ ቢትዘር የሚባል ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አነጋገረ። ቢትዘር ጉዳዩን አስቀድሞ ሲያውጠነጥነው ኖሮ ሥራውን ተረከበ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተማሪ ፊቱ የሚቀመጥበት፣ የቴሌቪዥን ስክሪንና ጥቂት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ አዘጋጀ። ስሙንም ፕላቶ አሉት።

በዚያን ጊዜ ራዲዮና ቴሌቪዥን በብዙ አገር ለትምህርት ይውሉ ነበር። ፕላቶን ከእነዚህ የሚለየው ተማሪው መልስ የሚሰጥበት መሆኑ ነው። ማሽኑ አንድ ገጽ ያሳያል፣ ይጠይቃል፤ ተማሪው መልሱን ይጽፋል፤ ትክክል ከሆነ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ካልገባው እርዳታ የሚጠይቅበት ቁልፍ አለ፤ እሱን ሲጫን ወደ ማብራሪያ ገጾች ይወሰዳል። በማብራሪያው መሐል ነገሩ ድንገት ከተገለጠለት ደግሞ «ገባኝ» እንደ ማለት የሚሆን ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላም ይህ ቁልፍ የሌላቸው የትምህርት ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

ሁለተኛው ፕላቶ በ1961 ሁለት ተማሪዎችን ባንድ ጊዜ አስተናገደ፤ ሦስተኛው እስከ 20 ደረሰ። በ1967 ፖል ቴንዛር የተባለ የባዮሎጂ ተማሪ ቱተር የሚባል ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ የፕሮግራም ባለሙያ ደጅ ሳይጠና ትምህርቱን ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ማዘጋጀት ቻለ።

ቢትዘርን የቸገረው ስክሪኑ ነበር። የተለመደው የቴሌቪዥን ስክሪን ምስሉ እንዳይጠፋ በየሴኮንዱ ደጋግሞ መታደስ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ምስሉን የሚይዝ ሜሞሪ ያስፈልጋል፤ ሜሞሪ በዚያ ዘመን እጅግ ውድ ነው። ለአንድ ተማሪ ቢቻል ለሺህ ተማሪ አይታሰብም። ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን በ1964 መፍትሔ አገኙ። በሁለት ቀጫጭን መስተዋቶች መካከል ጋዝ ሞልተው፣ ጥቃቅን ነጥቦችን በኤሌክትሪክ እንዲበሩ አደረጉ። አንዴ የበራች ነጥብ አጥፊ ትእዛዝ እስኪመጣላት ድረስ እንደበራች ትቆያለች። ሜሞሪው ስክሪኑ ራሱ ሆነ ማለት ነው። ፕላዝማ ስክሪን የተወለደው በዚህ መንገድ፣ በክፍል ውስጥ ተማሪ ከማሽን ጋር እንዲመላለስ ሲባል ነበር።

በዚያው በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ፕሮግራሞች በዚሁ መንገድ ወደ ትምህርት ቤቶች መግባት ያዙ። ለገጠሩ ግን ለረጅም ዘመን የደረሰው ራዲዮ ነው፤ በደርግም ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መምህራቸው ራዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲከፍት ዙሪያውን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

አራተኛው ፕላቶ በ1972 ወጣ። በብርቱካንማ ብርሃን የሚጽፍ ፕላዝማ ስክሪን ነበረው፤ ተማሪው መልሱን በጣቱ ነክቶ መምረጥም ይችል ነበር። ተርሚናሎቹ በስልክ መስመር ከዋናው ኮምፒውተር ጋር እየተያያዙ በኢሊኖይ ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ማረሚያ ቤቶች ሳይቀር ተተከሉ፤ በአሥርት ዓመቱ አጋማሽ ቁጥራቸው ወደ 1,000 ተጠጋ። እዚህ ላይ አዘጋጆቹ ያላቀዱት ነገር መጣ። በ1973 ዳግ ብራውን አምስት ሰዎች ባንድ ጊዜ እየተጻጻፉ የሚያወጉበት ቶኮማቲክ የሚባል ፕሮግራም ሠራ፤ አንዱ የሚጽፈው ፊደል በፊደል እየወረደ በሌሎቹ ስክሪን ላይ ይታይ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዴቪድ ዉሊ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ደግሞ ኖትስን አወጣ። ኖትስ መጀመሪያ የታሰበው ተጠቃሚዎች የሥርዓቱን ብልሽት ለባለሙያዎቹ እንዲያመለክቱ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ጥያቄ መጠያየቂያ፣ መከራከሪያና መቀለጃ አደረጉት። ለአንድ ተማሪና ለአንድ ማሽን ታስቦ የተሠራ ነገር ተማሪን ከተማሪ ማገናኘት ጀመረ። ጨዋታ ሠርተው ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱም አልጠፉ፤ ለትምህርቱ ያመጡት ጥቅም ባይታወቅም ክፍሉን ሰው አላጣውም።

ፕላቶን ለገበያ ለማዋል የሞከረው ኮንትሮል ዳታ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ብዙም ሳያተርፍ ቀረ። ትንንሾቹ የግል ኮምፒውተሮች ሲመጡ ከትልቅ ማሽን ጋር በስልክ መስመር መገናኘት ውድ ነገር መሰለ። የፕላዝማ ስክሪኑ ግን የራሱን መንገድ ሄደ፤ ከቢትዘር ዘንድ የተማረው ላሪ ዌበር ቴክኖሎጂውን ለባለ ቀለም ቴሌቪዥን አበቃው፤ የዌበርንም ኩባንያ በ1996 የጃፓኑ ማትሱሺታ ገዛው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ በሀብታም ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴሌቪዥን ሆኖ ነበር።

ተማሪን መልስ ማስመለስ የግድ ውድ መሣሪያ እንደማይፈልግ ያሳዩ ሥራዎችም በዚሁ ዘመን ታይተዋል። በ1974 በኒካራጓ የተጀመረው የሒሳብ ራዲዮ ትምህርት አንድ ብልሃት ነበረው፤ ራዲዮው ይጠይቅና ለጥቂት ሴኮንዶች ዝም ይላል። ክፍሉ በኅብረት ጮሆ ይመልሳል፤ ከዚያ ራዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል። ይህ አሠራር በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቶ በኢትዮጵያም ለታችኛዎቹ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ውሏል። በሃርቫርድ ደግሞ የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር በ1991 ገደማ ንግግሩን እያቋረጠ ጥያቄ ማቅረብና ተማሪዎቹ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር እንዲከራከሩ ማድረግ ጀመረ። በመጀመሪያ መልስ የሚሰጡት በካርቶን ቁራጭና እጅ በማውጣት ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ መልስ መስጫዎች የመጡት ኋላ ነው።

ለአማርኛ ተማሪ ሌላም መሰናክል ነበር። ኮምፒውተር ግዕዝ ፊደልን የሚያውቅበት አንድ ወጥ ሥርዓት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ መንገድ ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ ነው አንድ አማርኛ ጽሑፍ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ፣ በኋላም ከስልክ ወደ ስልክ ሳይበላሽ መሄድ የቻለው።

በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ሕዝቡ የሚያውቀው በስክሪኖቹ ስም፣ «ፕላዝማ» ብሎ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት ሽፋንን በማስፋቱ የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ዲግሪ ያለው መምህር ግን በየወረዳው አይገኝም ነበር። የፕላዝማው ሐሳብ የአዲስ አበባም የጋምቤላም ተማሪ እኩል መምህር ያግኝ የሚል ነበር፤ እንደ ሐሳብ የሚነቀፍ አይደለም። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በሳተላይት ይሠራጩ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በዚህ መንገድ ይሰጡ ጀመር።

የፕላዝማ ክፍል ውሎ በብዙ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነበር። ደወል ይደወላል፤ መምህሩ ሪሞቱን ይዞ ይገባል፤ ስክሪኑ የተቆለፈበት ሣጥን ይከፈታል። መምህሩ ለአምስት ደቂቃ ያህል የዕለቱን ርእስ ያስተዋውቃል። ከዚያ የስክሪኑ መምህር ብቅ ይላል፤ በባዕድ ቅላጼ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጆሮ በሚያጣድፍ ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስተምራል። በመሐሉ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሥራ ጊዜው በስክሪኑ ላይ ይቆጠራል። ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ የስክሪኑ መምህር መልሱን ተናግሮ፣ የሠሩትንም ያልሠሩትንም እኩል አመስግኖ ያልፋል። እጅ ቢወጣ የሚያየው በክፍሉ ያለው መምህር ብቻ ነው፤ እሱም ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም። ሲያበቃ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ያልገባውን ሁሉ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ሥርጭቱ በመላ አገሪቱ ባንድ ሰዓት ስለሚተላለፍ የመብራት መጥፋት ትልቅ አደጋ ሆነ። በአንድ ከተማ መብራት ሲጠፋ የዚያ ከተማ የዕለቱ ፊዚክስ አመለጠ ማለት ነው፤ በማግስቱ የስክሪኑ መምህር ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አልፎ ይገኛል። የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ቢራዘም፣ ዲኮደር ቢበላሽ ውጤቱ ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያነሡት ይህንኑ ነበር፤ ፍጥነቱን፣ የቋንቋውን ክብደት፣ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች መሆኑን።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ፣ ማይክሮስኮፕ አይቶ ለማያውቅ ልጅ የሕዋስ ክፍፍል በተንቀሳቃሽ ምስል ታየ። ጎበዝ መምህር ያለበትና መብራት የማይጠፋበት ትምህርት ቤት ፕላዝማውን እንደ ጥሩ ሥዕላዊ መጽሐፍ ተጠቀመበት። ጉድለቱ በመሣሪያው ዓይነት ላይ አልነበረም፤ በኢሊኖይ ለመመላለስ የተፈጠረው ስክሪን እዚህ የመጣው መመለሻው ተቆርጦ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሐሳብ ደረሰ። አሜሪካዊው የቴክኖሎጂ ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ የድሃ አገር ልጅ 100 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ እንዲሰጥ ዘመቻ ጀመረ። ሲመረት ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠጋ እንጂ ማሽኑ ብልህ ነበር፤ አረንጓዴና ነጭ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ ስክሪን ያለው፣ እንደ ጆሮ በቆሙ ሁለት አንቴናዎቹ ያለ ኢንተርኔት ከጎን ካለው ላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለሙከራ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በአዲስ አበባና በገጠር ለተመረጡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታደሉ።

ልጆቹ ወዲያው ለመዱት፤ ፎቶ አነሡበት፣ ሙዚቃ ሠሩበት፣ ተጻጻፉበት። በክፍል ግን ነገሩ ከበደ። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ፊት የቆመ፣ ስለ ማሽኑ የረባ ሥልጠና ያላገኘ መምህር፣ ከእሱ ቀድሞ ላፕቶፑን ካወቀ ተማሪ ጋር ተፋጠጠ። ብዙ መምህራን ላፕቶፑን ትኩረት የሚሰርቅ መጫወቻ አድርገው አዩት፤ ማሽኑም ይበልጥ የሚሠራው ቤት ውስጥ ሆነ። ላፕቶፕ ያገኙትን ካላገኙት ጋር ያነጻጸሩት የኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተጠቃሚዎቹ ረቂቅ ነገርን የማሰብ ችሎታ ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጹ። ስለዚህ ላፕቶፑ ልጆቹን አልጠቀመም ማለት አይቻልም። ከክፍሉና ከመምህሩ ጋር ግን አልተዋወቀም።

በዚያው 2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የኔግሮፖንቴ ድርጅት መምህሩን ጨርሶ ወደ ጎን የተወ ሙከራ አደረገ። በወንጪ ተራራማ መንደርና በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች 40 ታብሌቶች በታሸገ ሣጥን ተሰጡ፤ መመሪያ የለም፣ አስተማሪ የለም። ባትሪ የሚሞላበት የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ተተከለ፤ አንድ ቴክኒሺያን በየሳምንቱ እየመጣ ልጆቹ ምን እንደነካኩ የመዘገበውን የሜሞሪ ካርድ ይቀይራል። ኔግሮፖንቴ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ለአሜሪካ ታዳሚዎች እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መንደሩ ውስጥ ይዘመር ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አንዱ ልጅ በሥዕል መሥሪያው ላይ «አንበሳ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ። ታሪኩ በዓለም ዙሪያ ተወራ። ይህን የተናገረው ግን የሙከራው ባለቤት መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ፊደል ለይቶ መዘመርም ማንበብ አይደለም።

ተማሪዎችን በብዛት ያገናኘው መሣሪያ በመጨረሻ የመጣው ከማንም ፕሮጀክት አይደለም፤ ከኪስ ስልክ ነው። ኃይሉ መጀመሪያ የታየውም በክፉ ቀን ነበር። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወረቀት በፌስቡክ ተሠራጨ፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ግንቦት 22 ቀን ፈተናውን ሰረዘ። ድጋሚው ሲሰጥ መንግሥት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን ዘጋ። ለብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በር ላይ የሚነጠቅ ዕቃ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይኸው ስልክ መማሪያ ሆነ። 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርት ሚኒስቴር ወደ ራዲዮና ቴሌቪዥን ዞረ፤ በከተሞች፣ በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች፣ ቴሌግራም ሥራውን ያዘ። ምርጫው በጥናት የመጣ አይደለም፤ ቴሌግራም በደካማ ኔትወርክም ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ይልካል፣ አብዛኛው ሰው ስልክ ላይ አስቀድሞ ነበር። መምህሩ በደብተር የጻፈውን ኖት ፎቶ አንሥቶ ይለቃል፤ የሒሳቡን አሠራር በድምፅ ቀድቶ ያስረዳል፤ ተማሪው የቤት ሥራውን በብርሃን በኩል ይዞ ያነሣና ይልካል። በክፍል እጁን አውጥቶ የማያውቅ ዓይን አፋር ተማሪ ማታ በሦስት ሰዓት በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ሦስተኛው አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ጀመረ። መምህሩም በዚያ ሰዓት፣ በራሱ የሞባይል ካርድ፣ ይመልስ ነበር።

ስልክ የሌለው ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ። ባለባቸው ቤቶችም አንድ ስልክ ለሦስት ልጅ፣ ያውም አባት ከሥራ ሲገባ ነው የሚደርሰው። ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ የቴሌግራሙም ክፍል ተዘጋ። ትምህርት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በየደረጃው ሲከፈት ግሩፖቹ ግን አልፈረሱም። ወላጆች የልጃቸውን የቤት ሥራ የሚጠይቁበት፣ መምህራን የፈተና ቀን የሚናገሩበት፣ ተማሪዎች የቆዩ ፈተናዎችን በፒዲኤፍ የሚለዋወጡበት ቦታ ሆነው ቀጠሉ። እንደ ካሁት ያሉት በስልክ መልስ እየሰጡ የሚወዳደሩባቸው የክፍል ጨዋታዎች ግን ኢንተርኔትና ስልክ በክፍል ውስጥ ስለሚፈልጉ ከጥቂት የከተማ ትምህርት ቤቶች አላለፉም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የተወሰኑት ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቀፍ ፈተናቸውን በኮምፒውተር ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ኮምፒውተሩ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት በሰፊው እየገባ ያለው እንግዲህ በፈተና በር ነው፤ ለዕለት ተዕለቱ ማስተማር የአብዛኛው ትምህርት ቤት መሣሪያ ዛሬም ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው።